ሰው አለ፤ ይጠብቁ

በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ናዝሬት ውስጥ በአንድ የመስኖ ጽሕፈት ቤት የኮምፒዩተር ሠራተኛ ነበርኩ። ያኔ በከተማው ውስጥ ኮምፒዩተር ነክተን የምናውቅ ሰዎች ብንሰበሰብ አንድ ጋሪ ይበቃን ነበር። እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ታይፕ ነው፤ ግን ኤሌክትሪክ አለው» ትል ነበር። እኔም አላርማትም ነበር።

ማሽኑ በእርዳታ የመጣ ነው። ዋናው ሣጥን በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ከእሱ በተዘረጉ ሽቦዎች አራት ሰዎች በአራት ጠረጴዛ ላይ ሆነው በአንድ ጊዜ ይሠሩበታል። የናዝሬት አቧራ እንዳይገባበት የመስኮቱን ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ እወትፍ ነበር። ነፋሱ ግን የራሱን መንገድ ያውቃል፤ በየጠዋቱ ሣጥኑ ላይ በጣት የሚጻፍበት ያህል አቧራ አገኝ ነበር።

ሥራችን የውሃ ተራ ማውጣት ነው። ከቆቃ በታች አዋሽ ዳር ያሉ እርሻዎች፣ የመንግሥቱም የገበሬዎቹም፣ ከአንድ ዋና ቦይ ነበር የሚጠጡት። ሁሉም በአንድ ቀን ከከፈቱ መጨረሻ ላይ ላለው ጠብታ አይደርሰውም። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ማን በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ውሃ እንደሚያገኝ የሚያሳይ ዝርዝር እናትማለን፤ ሥራ አስኪያጁ ይፈርምበታል፤ ሾፌሩ ይዞት ይሄዳል፤ የቦዩ ጠባቂዎችም በዚያ መሠረት የብረት በሮቹን ያነሣሉ። ያለ ወረቀት በር የሚያነሣ ጠባቂ አልነበረም። ዘመኑም ያለ ወረቀት ምንም የሚነሣበት አልነበረም።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ይህን ሁሉ የሚሠሩት አንድ ሰው ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ጋሼ እላቸው ነበርና እዚህም ጋሼ ይሁኑ። የሁሩታ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገራሉ። ተራውን የሚጽፉት ክንድ በሚያህል መዝገብ ላይ በእርሳስ ነበር። አንድ ቀን «ለምን በእስክሪብቶ አይጽፉም?» ብላቸው፣ «ውሃ ሐሳቡን ይለውጣላ» አሉኝ።

ማሽኑ ሲመጣ ሁላችንም የፈራነው ለእሳቸው ነበር። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው ሰው፣ ቁልፍ መጫን ይማራሉ ብሎ ያሰበ የለም። ከሁሉ ቀድመው የተማሩት ግን እሳቸው ሆኑ። ጠዋት ይገቡና «አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ትናንት ያሳየኋቸውን በደብተር ያሰፈሩትን አውጥተው እንደ ዳዊት ይደግሙታል። እኔም ከእሳቸው ጥቂት ኦሮምኛ ለቀምኩ። በሃያ ሰባት ዓመቴ እንዲህ ያለ ተማሪና እንዲህ ያለ አስተማሪ በአንድ ሰው በማግኘቴ ዕድለኛ ነበርኩ፤ ያኔ ግን አላወቅኩትም።

አሁን ስለ ጥፋቴ ልናገር። ማሽኑ በተከታታይ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች በአንድ ፋይል ጽፎ ስም መስጠት ይቻላል። እኔ የጻፍኩት «ተራ» ይባል ነበር። መዝጋቢው ስክሪኑ ላይ «ተራ» ብሎ ሲጽፍ ዝርዝሩ ይከፈትለታል፤ አርሞ ሲጨርስ ይቀመጥለታል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ይከፍቱትና ኋላ የጨረሰው የፊተኛውን ሥራ ያጠፋበት ነበር። አንድ ሳምንት አንድ የሽንኩርት እርሻ ከዝርዝሩ ጠፍቶ ጉድ ተባለ። ስለዚህ መቆለፊያ ሠራሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። «ተራ» ዝርዝሩን ከመክፈቱ በፊት እዚያው ቦታ አንዲት ትንሽ ፋይል ይፈጥራል። ፋይሏ ስትፈጠር ማንም ዳግመኛ እንዳይጽፍባት ተደርጋ ነው። ሁለተኛ ሰው ሲመጣ እሷኑ ሊጽፍ ይሞክራል፤ ማሽኑ ፈቃድ የለህም ብሎ ይከለክለዋል። ክልከላው ለእኔ ምልክት ነበር፤ ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው። ፊተኛው ሲጨርስ ፋይሏ ትጠፋለች፤ ሁለተኛው ይገባል። ማሽኑ ሲከለክል የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያም ሠራተኛውን ያስደነግጠዋል። ስለዚህ ንግግሩን ማንም ወደማያየው ቦታ ወርውሬ በምትኩ የራሴን ቃል አስቀመጥኩ። አማርኛውን በላቲን ፊደል እጽፈው ነበር፤ የእኛን ፊደል ማሽኑ አያውቅም። «ሰው አለ፤ ይጠብቁ» ይላል። ከሥሩም የገባውን ሰው ስም ይጠራል። ስሙን የሚያመጣው መጨረሻ የገባው ማን እንደሆነ ከተመዘገበበት ፋይል ነበር። በየአሥር ሰከንዱ ደግሞ ይሞክራል፤ እስኪከፈትለት ድረስ ይጠብቃል።

በጣም ኮርቼበት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ለእንግዳ ሲያስጎበኝ «አማርኛ የሚናገር ኮምፒዩተር» ይለው ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ አንድ ቴክኒሺያን መጣ። የማሽኑ ዲስክ እየሞላ ስለነበር አዲስ ገጠመልን፤ ሥራችንንም ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛወረና በመጨረሻው አውቶቡስ ተመለሰ። እሱ ከመምጣቱ በፊት መጨረሻ ላይ «ተራ»ን የከፈቱት ጋሼ ነበሩ። ጨርሰው ዘግተው፣ ስክሪናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ወጡ። ቅዳሜ ታላቅ እህታቸው ሁሩታ ላይ ማረፋቸው ተነገራቸው፤ ሄዱ፤ ቀብሩም እሑድ ሆነ።

ሰኞ ጠዋት አብራን የምትሠራው መዝጋቢ «ተራ» ብላ ጻፈች። «ሰው አለ፤ ይጠብቁ» አላት። ከሥሩ የጋሼ ስም።

ጠበቀች። ሻይ ጠጥታ መጣች። አሁንም ሰው አለ። ጠራችኝ። የጋሼ ወንበር ባዶ ነው፤ ስክሪናቸው እንደተሸፈነ ነው። መቆለፊያዋ ፋይል ተረስታ ቀርታ ይሆናል ብዬ እንድትጠፋ አዘዝኩ። ያዘዝኩት ደግሞ ምንም ሳትጠይቅ ምንም ሳትናገር አጥፋ በሚለው አጻጻፍ ነው፤ ልማዴ ነበር። ማሽኑ ዝም አለ። ዝምታውን እሺታ አድርጌ ወሰድኩትና እንደገና ሞከርኩ። ሰው አለ። ማሽኑን በሙሉ አጥፍቼ አበራሁት። ሰው አለ፤ የጋሼ ስም።

እኩለ ቀን ላይ ሥራ አስኪያጁና የፓርቲ ተጠሪው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ነበር፤ ሲጨነቅ ቁልፎቹን በእጁ ያንቃጭላል። ተጠሪው ወጣት ነው፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

«ጋሼ ውስጥ ናቸው ይላል።»

«ሰውየው ሁሩታ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው። ግን በእሳቸው ስም ተቆልፏል። እሳቸው ሳይሄዱ አንድ ነገር አድርገውበት ይሆናል። የእሳቸው ምስጢር ቃል ካልተገኘ የሚከፈት አይመስለኝም።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል አላልኩም፤ እኔ ተሳስቼ ይሆናል ማለትማ ከነጭራሹ አልመጣብኝም። ሰውየው አንድ ነገር አድርገው ይሆናል ማለት ቀለለኝ።

ተጠሪው ስክሪኑን አየ። «ሰውየው የሉም፤ ሥራው በስማቸው ተቆልፏል» አለ በቀስታ። «ይኼ ምን ይባላል?»

መልሱንም ራሱ ሰጠ።

«አሻጥር ነው የሚባል።»

በዚያ ዘመን ይህ ቃል አንዴ ክፍል ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። መዝጋቢዋ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ሥራ አስኪያጁ ቁልፎቹን ማንቃጨል አቆመ። እኔ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ያሉትን እጆቼን አነሣሁና ጭኔ ላይ አደረግኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ከገበሬዎቹ እርሻ አንዲት ሴት መጣች። ኮንጎ ጫማዋ እስከ አንገቱ አቧራ ለብሷል፤ ግማሹን መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው። የቲማቲም ችግኝ ከተከሉ ገና ሦስት ቀናቸው ነው። ጠባቂው ወረቀት አልመጣም ብሎ በሩን አላነሣም አላቸው።

«ችግኙ አንገቱን ደፍቷል» አለችን። «ለምንድን ነው ወረቀቱ የማይወጣው?»

መዝጋቢዋ በአገጯ ወደ ስክሪኑ አሳየቻት። «ሰው አለበት።»

ሴትዮዋ የጋሼን ባዶ ወንበር አየች፤ እኛን አየች። «ማን ነው ያለበት? ይውጣልን እንጂ!»

ማክሰኞ ጠዋት ገና እንደገባን ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና ከሾፌሩ ጋር ሁሩታ ሂጂ አለኝ። «ለቅሶ ላይ ናቸው፤ አታስጨንቂያቸው። ምስጢር ቃሉን ብቻ ተቀብለሽ ነይ።»

የአዋሽን ድልድይ ተሻግረን ወደ አርሲ ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ። ገብስና ስንዴው አረንጓዴ ነበር፤ እታች ያለው ጥማት እዚህ አያስታውቅም። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ዛሬ ሠልስታቸው ነው አይደል?» አለኝ። ነው አልኩት።

ድንኳኑ ውስጥ ጋሼ ከወንዶቹ መካከል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ ደስታ መጣ፤ ላስተዛዝናቸው የመጣሁ ነው የመሰላቸው። አጠገባቸው ለተቀመጡት «የቢሮ ልጄ ናት፤ ከናዝሬት ድረስ» አሏቸው። እግዜር ያጥናዎ አልኩና ተቀመጥኩ። ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጥቂት ቆይቼ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ማሽኑ በስማቸው እንደተቆለፈ፣ ውሃው እንደቆመ፣ ምስጢር ቃላቸውን እንደምፈልግ።

«ዓርብ ዘግቼ ነው የወጣሁት» አሉ።

«ማሽኑ ግን ውስጥ ናቸው ይላል፤ ጋሼ።»

«ሌላ የተባለ ነገር አለ?»

ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። «ተጠሪው አሻጥር ብሏል።»

«ምስጢር ቃሌን ብሰጥሽ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ቢጠፋ በማን ስም ነው የሚጠራ? እኔው እመጣለሁ» አሉና ተነሡ። ለወንድማቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ወንድማቸው እኔን አየኝ፤ ያንን አስተያየት ዛሬም አልረሳሁትም። የተቆጣ አልነበረም፤ ያልገባው ሰው አስተያየት ነበር።

በመጣንበት መኪና ወደ ናዝሬት ተመለስን።

ቢሮ ስንደርስ ቀጥታ ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ። ጨርቁን አነሡ፤ አጣጥፈው አስቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ «ነፍስ ይማር» አላቸው፤ አመሰገኑት። ተጠሪው ከኋላ ቆሟል። ጋሼ ስማቸውንና ምስጢር ቃላቸውን አስገብተው ገቡ። «ተራ» ብለው ጻፉ።

«ሰው አለ፤ ይጠብቁ» አላቸው። የገቡት፦ እሳቸው ራሳቸው።

ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ውጭ ቆሜ እያየኝ ውስጥ ነህ ይለኛል» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ተራ ሲያሰሉ እንደሚጠይቁት ነበር የጠየቁኝ። «ልጄ፣ ይኼ ማሽን የሚናገረው ያየውን ነው ወይስ አንቺ ተናገር ያልሽውን?»

ተናገር ያልኩትን ነው። ማሽኑ ሰው አይቶ አያውቅም። የሚያውቀው ፋይሏን መጻፍ አለመቻሉን ብቻ ነው፤ ለምን እንዳልቻለ የተናገረውን ቃል እኔ ጥዬበታለሁ። ስሙንም ቢሆን ያመጣው ከመዝገብ ነው፤ ጋሼ መጨረሻ የገቡት ሰው ስለሆኑ ብቻ።

«ጋሼ፣ የእኔ ጥፋት ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው። «ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።»

«አንቺ ፈልጊ። ውሃው ግን አንቺን አይጠብቅም» አሉና ከመደርደሪያው ላይ ያንን ትልቅ መዝገብ አውርደው፣ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ እርሳስ ቀርጸው ተቀመጡ። ከዓርቡ ዝርዝር የታተመ ቅጂ ነበራቸው። የሰኞና የማክሰኞ ተረኞችን ወደ ረቡዕና ሐሙስ ሲያሸጋሽጉ፣ የቲማቲሙን እርሻ ከሁሉ ሲያስቀድሙ፣ የማይቸኩለውን ጥጥ ወደ ኋላ ሲያደርጉ መዝጋቢዋ አጠገባቸው ተቀምጣ በታይፕ ትገለብጥ ነበር። ለካስ ይህን ሰኞም ማድረግ ይቻል ነበር። አንዳችንም አላሰብነውም፤ ማሽኑ ጠብቁ ስላለን ጠበቅን። ሥራ አስኪያጁ ፈረመ፤ ሾፌሩ ከቀትር በኋላ ይዞት ሄደ።

እኔ በዚህ መሃል ከጽሑፌ ውስጥ ያንን ማሽኑን ዝም የሚያሰኝ ቃል ሰረዝኩና «ተራ»ን አስነሣሁ። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ አፍ ተናገረ። በእንግሊዝኛ፣ በአንድ መሥመር፣ እዚህ ቦታ ለመፍጠር ፈቃድ የለም አለ። መቆለፊያዋን ፋይል ፈለግኳት። የለችም። ሰኞ አጠፋኋት ያልኩት የሌለችውን ነበር። ውስጥ ሰውም የለም፤ ቁልፍም የለም። የነበረው ነገር ቢኖር ቴክኒሺያኑ ሥራችንን ወደ አዲሱ ዲስክ ሲያዛውር በበላይ ተቆጣጣሪ ስም ስለሠራ፣ ቦታው የተቆጣጣሪው ንብረት ሆኖ መቅረቱ ነው። እኛ ማንበብ እንችላለን፤ መጻፍ ግን አልተፈቀደልንም። ለአራታችንም፤ ለእኔም ጭምር።

የተቆጣጣሪው ምስጢር ቃል በታሸገ ፖስታ ሥራ አስኪያጁ ካዝና ውስጥ ነበር። ፖስታውን ራሱ ቀደደው። ቦታውን ወደ እኛ ስም ለመመለስ የፈጀብኝ አንድ መሥመር መጻፍ ነው። «ተራ» ተከፈተ።

ጋሼ ግን ለሠልስቱ አልደረሱም። በማግሥቱ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ሁሩታ ተመለሱ።

ሐሙስ ስብሰባ ተጠራ፤ ጋሼም ከሁሩታ ለዚሁ መጡ። ተጠሪው ወረቀት ይዟል። ሥራ ማደናቀፍ የሚል ቃል ያለበትን አንቀጽ እያነበበ ሳለ እጄን አነሣሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ሰው አለ የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ለሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ መልስ እንዲሰጥ አድርጌዋለሁ። ሰው ሲኖርም፣ ፈቃድ ሲታጣም፣ ሰው አለ ይላል።»

«ታዲያ ለምን የእሳቸውን ስም ጠራ?» አለ ተጠሪው።

«መጨረሻ የገባውን ጥራ ስላልኩት። ውስጥ ያለውን አይቶ አይደለም።»

«ቴክኒሺያኑስ? እሱ አይደለም የዘጋው?»

«ፈቃዱን ሳይመልስ ረስቶ ሄዷል። ግን የእኔ ጽሑፍ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ሰኞ ጠዋት ስልክ ደውለን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጨረስ ነበር። እሱ ረሳ፤ እኔ ግን ሰው አስጠረጠርኩ። እዚህ ቆሜም በአፌ ተናግሬባቸዋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጋሼ ዞሮ የሚሉት ካለ ጠየቃቸው።

«ቅሬታ የለኝም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሠልስት ግን አይደገምም» አሉ።

ተጠሪው ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ተገቢ ነበር። ቲማቲሙ አብዛኛው ተረፈ፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ጠዋት የደረቀውን ረድፍ ሴትዮዋ ቆይታ ስትነግረኝ «ምንም አይደል፤ ደግመን ተከልነው» አለችኝ። ምንም እንዳልሆነ ሰው ሳይሆን ሌላውን ላለማሳፈር እንደሚናገር ሰው ነበር ያለችኝ።

ጋሼ ከለቅሶ ሲመለሱ ሰላምታቸው አልተለወጠም፤ ልጄ ማለታቸውን ግን ለጥቂት ሳምንታት ተዉት። እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ለእህታቸው አርባ ሁሩታ ሄድኩ፤ በዚህኛው ጊዜ በአውቶቡስ፣ ማንም ሳይልከኝ። ወንድማቸው በር ላይ ተቀበለኝና «ዛሬም ልትወስጂው ነው?» አለኝ። አይደለም ስለው ሣቀ፤ እጄንም ይዞ አስገባኝ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛዬ ስበው ተቀመጡ።

«በይ፣ እናስተካክለው» አሉ። «ሰው በር ገፍቶ ካልተከፈተለት ስንት ነገር ሊሆን ይችላል?»

አሰብኩ። ውስጥ ሰው ይኖራል፤ ወይም ሰው ቆልፎ ወጥቶ ቁልፉን ረስቶታል፤ ወይም ቤቱ መጀመሪያውኑ የእሱ አይደለም።

«ለሦስቱም አንድ ቃል ትናገሪያለሽ?»

ሥራው አሥር ቀን ያህል ወሰደብን። አዲሱ «ተራ» ለመቆለፍ ከመሞከሩ በፊት እዚያ ቦታ መጻፍ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ይጠይቃል። ካልተፈቀደለት አይጠብቅም፤ «እዚህ መጻፍ አልተፈቀደልዎትም። ሰው ስለገባ አይደለም። ለኮምፒዩተር ክፍል ይንገሩ» ይላል። ከተፈቀደለትና ቁልፍ ካገኘ፣ ቁልፉ ውስጥ ማን መቼ እንደገባ ተጽፏልና ያንን ያነባል፤ የገባው ሰው ሥራ አሁን በእርግጥ እየሄደ መሆኑንም ማሽኑን ይጠይቃል። እየሄደ ከሆነ ስሙን ይጠራል። ካልሆነ ቁልፍ ተረስቶ መቅረቱን ይናገራል እንጂ በራሱ ሥልጣን አያጠፋውም። ስድስት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት ያቆማል። ማሽኑ በእንግሊዝኛ የሚናገረውን ቃልም መጣል ትቼ በአንድ ፋይል አከማቸው ጀመር፤ ጠዋት ጠዋት አነበዋለሁ።

የጋሼ ሐሳብ የሆነው ግን የመጨረሻው ነው። «መጻፍ ባይቻልም ያለውን ዝርዝር ማንበብና ማተም ይቻል» አሉ። «የበር ጠባቂው ከምንም የባለፈው ሳምንት ወረቀት ይሻለዋል።» እኔ ስለ ቁልፉ ሳስብ እሳቸው ሁልጊዜ የሚያስቡት ስለ ጠባቂው ነበር።

ስም የሚጠራውን መሥመር ስጽፍ እጄን አስቆሙኝ። «እርግጠኛ ካልሆነ ስም አይጥራ» አሉ። «አላውቅም ማለት ይማር።» ጻፍኩት። በላቲን ፊደል፣ በአማርኛ፦ «ማን እንደሆነ አላውቅም።» ሥራ አስኪያጁ ይህን ለእንግዳ አላሳየም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት የፓርቲ ተጠሪው ወደ ክፍላችን መጣ። በዚያ ሰዓት ባዶ የነበረው አራተኛው ስክሪን ፊት ተቀምጦ በተሰጠው ስም ገባና «ተራ» ብሎ ጻፈ። ምን ሊያደርግ እንደፈለገ ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት ማየት ብቻ ነበር የፈለገው። ጥቂት ቆይቶ ጠራኝ።

«መጻፍ አልተፈቀደልዎትም ይለኛል። ማን ነው የከለከለኝ?»

ጋሼ ከጠረጴዛቸው ቀና አሉ። እኔ ከኋላው ቆሜ ስክሪኑን አነበብኩ።

«ማንም አልከለከልዎትም» አልኩት። «የሚጽፉት መዝጋቢዎቹ ብቻ ናቸው፤ ከመጀመሪያው እንደዚያ ነው። ማንበብ ግን ይችላሉ። ማተምም ይችላሉ።»

ስክሪኑን እንደገና አየ። ሰው ስለገባ አይደለም የሚለውን መሥመር በጣቱ ተከትሎ ሲያነብ አየሁት። ከዚያ ዝርዝሩን እንዴት እንደሚያትም ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። ወረቀቱ እየጮኸ ወጣ። ቀደደው፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ «የቲማቲሞቹ ማክሰኞ ነው ለካ» አለና ይዞት ወጣ።

ጋሼ ወደ መዝገባቸው ተመለሱ። «በይ ልጄ፣ የአሥር ሰዓቱ ተረኛ ማን ነበር?» አሉኝ።